የድስቱ ግምገማ

በዚህ ዓለም ላይ ከውሸታም የባሰ ሰው ቢኖር «እውነቱን ንገሩኝ፤ አልቀየምም» የሚል ሰው ነው። ውሸታሙን አውቀኸው ትርቀዋለህ። ይኼኛውን ግን ወዴት ትሸሸዋለህ? እጁን አጣምሮ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ዓይን ዓይንህን እያየ ይጠብቅሃል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። አሶሳም ብትሆን፣ ክልሉ በቆመ በሁለተኛው ዓመት፣ ለቢሮዎቿ ጠረጴዛ እንኳ ሳይሟላላት ይኼ ዓይነቱ ሰው ግን ተሟልቶላት ነበር፦ ክቡር ቀራፂ አቶ ደባልቄ፣ የአንድ ቢሮ ንብረት ክፍል ኃላፊ፣ የወይዘሮ አስረሳሽ ባል።

አስረሳሽን ጠይቋት። «ባልሽ ይጠጣል?» ሲሏት «ምነው በጠጣልኝ!» ትላለች። እውነቷን ነው። የጠጣ ሰው ቢያንስ ወንፊት አይቆርጥም።

ነገሩ የጀመረው በወንፊቷ ነው። በቅጡ እንኳ ዱቄት ያልነፋችበት አዲስ ወንፊት ጠዋት ጠፍቶ ከሰዓት ዶሮ ሆኖ ተገኘ። ክንፉ ወንፊት፣ እግሩ ሽቦ፣ መንቁሩ የተሰበረ ማንኪያ። ደባልቄ ዶሮውን ታቅፎ ቤቱን ወዳከራያቸው ሽማግሌ፣ ወደ ሙርሳል ሄደ። ሙርሳል የአገሩ ተወላጅ ነው፤ አማርኛን ገበያ ላይ ተምሯል፣ ውሸትን ግን በየትኛውም ቋንቋ አልተማረም።

«ጋሽ ሙርሳል፣ እውነቱን ንገሩኝ፤ አልቀየምም።»

ሙርሳል አገላብጦ አየው። «ወላሂ» አለ፣ «ጥሩ ፍየል ነው።»

ከዚያን ቀን ወዲህ ደባልቄ ቢሮ የሚሄደው በሙርሳል ደጅ ሳይሆን በገበያው ዞሮ ሆነ። ሃያ ደቂቃ ይጨምርበታል። አስረሳሽ «ተቀየምክ እንዴ?» ስትለው «እኔ? ምን ቆርጦኝ! እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው» ይላል። አልሸሹም ዞር አሉ!

ቀጥሎ የውሃ ጆጓ አንበሳ ሆነ። በዚህኛው እውነቱን የተጠየቀችው ከወለጋ ተመድባ የመጣችው ጎረቤታቸው፣ አስተማሪዋ ደጊቱ ናት። አመሏ ነውና ከአሥር ስድስት ሰጠችው። ደባልቄ «አልተቀየምኩም» አለና ቤቱ ገብቶ፣ እርማቱ እንደገና ይታይልኝ የሚል ማመልከቻ ጽፎ፣ ቁጥርና ቀን ሰጥቶ፣ በአጥሩ ላይ አቀበላት።

ይኼን ሁሉ አስረሳሽ ቻለችው። ሰው እስከ ምን ድረስ ይችላል? ድስቱ እስኪነካ ድረስ ነዋ!

ድስቱ ደግሞ ተራ ድስት አይደለም። እናቷ ደሴ ላይ በሰርጓ ማግሥት የሰጠቻት ብረት ድስት ነው። ደባልቄ ወደ አዲሱ ክልል ሲመደብ የጭነት መኪናው ላይ ያልተሰበረ ዕቃ አልነበረም፤ ድስቱ ግን ያን ሁሉ መንገድ እሷ ጭን ላይ ተቀምጦ መጣ። እናቷ ካረፈች ወዲህ ከእሷ የቀራት ዕቃ እሱ ብቻ ነው። አንድ ሐሙስ ከገበያ ስትመለስ ያንን ድስት በሽቦ ተጠፍሮ ቀርከሃ ላይ ተሰቅሎ አገኘችው።

«ደባልቄ! የእናቴን ድስት!»

«ለሐውልቴ ራስ አጥቼ ነው እኮ፣ አስርዬ። ጆሮዎቹን እይልኝ! ለሰው ልጅ ተብለው የተሠሩ ነው የሚመስሉት።»

ኧረ በሕግ! አስረሳሽ ክዳኑን እንኳ ላትርፍ ብላ ሮጣ ሳጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት። ከዚያ በኋላ ወጥ የምትሠራው በዘይት ጣሳ ሆነ። ሽሮው ያርራል፣ የእሷም አንጀት አብሮ ያርራል። መልሰው ስትለው «ግዴለም፣ ሰው አይቶ አስተያየት ይስጥበትና» ይላታል።

በዚያ ዘመን ደግሞ የማይገማገም ቢሮ አልነበረም። በር ተዘግቶ ሦስት ቀን ሙሉ አንዱ ሌላውን «ደካማ ጎንህ ይኼ ነው» ሲለው ይዋላል፤ ተራ የደረሰው ተነስቶ «ድክመቴን ተቀብያለሁ» ይልና ይቀመጣል። ሌላው ሰው ከዚህ ፊቱ ጠቁሮ ሲወጣ ደባልቄ ዓይኑ በርቶ መጣ።

«አሁን ገባኝ!» አላት። «ሰው እውነቱን የማይነግረኝ መድረክ ስላልተመቻቸለት ነው።»

እሁድ ከሰዓት በሙርሳል ማንጎ ሥር ሐውልቱ ይገመገማል ተባለ። ሰብሳቢ የቢሮ ባልደረባው ኦልጅራ፣ ቃለ ጉባኤ ያዥ ደጊቱ፣ ተሳታፊ ሙርሳልና ጎረቤቱ በሙሉ። አስረሳሽ ደስታዋ እንዳይታወቅባት ፊቷን አዞረች። ሳምንቱን ሙሉ ሽንኩርት እየከተፈች ተለማመደች፦ «ደካማ ጎን አንድ፣ ድስቴ። ደካማ ጎን ሁለት፣ ድስቴ።»

እሁድ ደረሰ። ደባልቄ ከሐውልቱ ላይ አንሶላውን ገፈፈ። ራሱ ድስት፣ ዓይኑ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ፣ ሆዱ ቢጫ ጀሪካን፣ እግሩ የአሶሳ ቀርከሃ፣ ወደ ላይ የተዘረጋው እጁ ማማሰያ።

«ስሙ ‹አዲሱ ክልል› ነው» አለ። «እውነቱን ንገሩኝ፤ አልቀየምም።»

ኦልጅራ ጉሮሮውን ጠረገ። ከልማድ ብዛት ግን ፊቱን ወደ ሐውልቱ ሳይሆን ወደ ደባልቄ አዞረ።

«በቅድሚያ ከግለሰቡ እንጀምር።»

ከዚያ በኋላ ሐውልቱን ዞር ብሎ ያየ ሰው ካለ ምላሴን ቁረጡት! «ግለኝነት ይታይበታል» አለ አንዱ። «ሰላምታ ይነፍጋል» አለ ሌላው። «እርማት አይቀበልም» አለች ደጊቱ፣ የራሷን ሐሳብ ራሷ እየጻፈች። «የንብረት ክፍል ኃላፊ ሆኖ የቤቱን ንብረት ያባክናል!» አለ ሌላ ሰው ከወዲያ በኩል። አስረሳሽ ሳምንት የተለማመደችውን በአምስት ደቂቃ ቀምተው ጨረሱባት።

«ውሳኔ» አለ ኦልጅራ። «ሐውልቱ ይፍረስ፤ ድስቱ ለባለቤቱ ይመለስ። አቶ ደባልቄ፣ ግለ ሂስ።»

ደባልቄ ተነሳ። «ድክመቴን ተቀብያለሁ» አለ። አልቀየምም አላለም። ጎንበስ ብሎ ድስቱ የታሰረበትን ሽቦ ይፈታ ጀመር፤ ሽቦው ጣቱን ወጋው፣ እሱ ግን መፍታቱን ቀጠለ።

አስረሳሽ መደሰት ነበረባት። ድስቷ እኮ ነው! ግን ደሟ ፈላ። ሳታስበው ተነስታ ቆማለች።

«ተወው አንተ!» አለችው። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞረች። «ድስቱ የእኔ፣ ባሉ የእኔ፣ ሽሮ ያረረብኝ እኔ! እናንተን ምን አገባችሁ? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ! ለመሆኑ ከመሃላችሁ ሐውልቱን ያየ አለ? እዚህ ከመጣን ጀምሮ ሙቀቱ፣ ወባው፣ መብራቱ እያላችሁ ስታማርሩ ነው የማውቃችሁ። እስቲ የዝውውር ማመልከቻ ያልጻፈ እጁን ያውጣ!»

ኦልጅራ ብቻውን ሦስት ጽፏል። ደጊቱ ቃለ ጉባኤው ላይ አቀረቀረች። እጁን ያወጣው ሙርሳል ብቻ ነው።

«እኔ ወዴት ልዘዋወር?» አለ። «አገሬ ነው።»

«እርስዎ ይቆዩ፣ ጋሽ ሙርሳል። ይኼ ሰውዬ ግን አንድ ቀን ልሂድ ብሎ አያውቅም። እዚሁ ሊኖር አስቦ ነው ዕቃዬን የሚፈጀው! ጥሎት ለሚሄደው አገር ሐውልት የሚሠራ ማን አለ?»

ይኼን ብላ ቤት ገባች። ሳጥኗን ከፍታ ክዳኑን ይዛ ወጣችና ድስቱ ላይ ደፋችው።

«እንካ! ፀሐዩ አናቱን ሊያነደው ነው።»

ሙርሳል ተነስቶ ሐውልቱን ዙሪያውን ዞሮ አየው። «ማሻአላህ» አለ። «አሁን ሰው ሆነ።»

«ፍየል አይደለም?» አለ ደባልቄ ቀስ ብሎ።

«ፍየል ቆብ የለውም» አለ ሙርሳል። ደጊቱ ቀይ እስክሪብቶዋን አወጣችና ውሳኔውን ሰረዘችው።

አመሻሹ ላይ ያረረ ሽሯቸውን ሲበሉ ደባልቄ አንገቱን ዘንበል አደረገ። «አስርዬ፣ እስቲ አንቺ እውነቱን ንገሪኝ። አልቀየምም።»

«ዓይኑ ሸውራራ ነው» አለችው።

ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠና እጁን ታጠበ። አራት ቀን ሙሉ ከደጁ ገበያ፣ ከገበያ ደጁ እግሩን ሲያፍታታ ከረመ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ወጥታ ብታይ የሐውልቱ ዓይን ተቃንቷል።

ድስቱ ዛሬም ድረስ አልተመለሰላትም። በዚህም ስትነጫነጭ ትውላለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አመድና ጭድ ይዛ ትወጣና፣ ባሏን እየረገመች፣ ጆሮዎቹን ሳትተው ድስቱን ፈትጋ ታበራዋለች። መንገደኛ ቆሞ ከሳቀ ከሥራዋ ቀና ትላለች።

«ምን ያስቅሃል? እንዴት ነው? እስቲ እውነቱን ንገረኝ» ትለዋለች። «እኔ ግን እቀየማለሁ።»