ቤታችን ቢ ያገኘ ዕለት

ጆሃንስበርግ ውስጥ ወረቀት የማይጠየቅ ፍጥረት የለም። ሰው ይጠየቃል፣ መኪና ይጠየቃል፣ ሱቅ ይጠየቃል። እኛ ደግሞ፣ መቼም ታውቁናላችሁ፣ ወረቀት በተባለ ቁጥር ኪሳችንን መዳበስ ይቀድመናል እንጂ ጠያቂው ምን እንደፈለገ ለመስማት ትዕግሥቱ የለንም። እኔ ራሴ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስዳብስ ኖሬአለሁ። ቤት እንደ ተማሪ ተፈትኖ ከኤ እስከ ጂ ውጤት እንደሚሰጠው ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። የይዞታውን ወረቀት አላልኳችሁም፤ እሱማ አለን። ቤቱ መብራት እንዴት እንደሚጠቀም የሚመሰክረውን ማለቴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ባለቤቴ ታደለች ሜይፌር ውስጥ አንድ አሮጌ ቤት አለን። የምውለው ግን አይቮሪ ፓርክ፣ ሱቄ ውስጥ፣ ከብረት ፍርግርግ ኋላ ነው። ደንበኞቼ ስሜን አያውቁም፤ እንደማንኛውም ሐበሻ ባለሱቅ “ማይ ፍሬንድ” ነው የሚሉኝ። ሁለት ጊዜ ተዘርፌአለሁ። ታደለች ማታ ዘግቼ እስክደውልላት ድረስ እህል አትቀምስም፤ አልፈርድባትም። ስለዚህ አንድ የውጭ ኩባንያ ለሠራተኞቹ ዋናውን ቤት ሊከራየን እንደሚፈልግ አንድ የቤት ኤጀንት ሲነግረን፣ እኛ ጓሮ ባሉት ሁለት ክፍሎች እንደምንበቃ ወዲያው ወሰነች።

“የአቤል አባት፣ ይሄ ቤት ከተከራየ ሱቁን ታስረክባለህ” አለችኝ።

አስብበታለሁ አልኳት። አስቤ ጨርሼ ነበር።

ችግሩ የኩባንያው ደንብ ነው። እንደኛ ያለውን ቤት የአገሩ ሕግ ባያስገድደውም፣ እነሱ ቤቱ ተመርምሮ ቢያንስ ዲ ካላመጣ አይከራዩም። ቤቱን መርምራ ውጤት የምትሰጠው ገምጋሚ ልትመጣ አንድ ቀን ሲቀራት ደግሞ ታደለች ለለቅሶ ፕሪቶሪያ ሄደችና ቤቱ በእኔ እጅ ወደቀ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። እንግዳ ይመጣል ሲባል የእኛ ሰው ምን ያደርጋል? የጎደለውን ይደብቃል፣ የሌለውን ይበደራል። ታደለች ለመብራት ያላት ሥሥት ለእንግዳ የሚታይ አይደለም። ጓሮ ግድግዳ ላይ ያለውን የውሃ ማሞቂያ፣ እዚህ ጊዘር የምንለውን፣ በወፍራም ልብስ ጠቅልላ በገመድ ጠፍራዋለች። በየበሩ ሥር ንፋስ እንዳይገባ የጨርቅ ጥቅልል ለጥፋለች። አምፖሎቿ ጣት ያህላሉ። ይህን ሁሉ ሳይ የታየኝ ድህነታችን ነው። ጊዘሩን ፈታሁት፣ ጥቅልሎቹን ገነጠልኩ፣ ትልልቅ አምፖል ገዝቼ ቀየርኩ። ከዚያ የቤተ ክርስቲያናችንን ሰው ቤት ለቤት ዞርኩ። ወገኖቼ አላሳፈሩኝም፤ አራት ሂተር፣ ሁለት ፍሪጅና የሠርግ ሻይ የሚፈላበት ትልቅ ማፍያ ሰበሰብኩ። መብራት በሰዓት ሲቆረጥባት በኖረች ከተማ ኃይል ሞልቶ የተረፈበት ቤት ማን ይጠላል ብዬ ነው።

ገምጋሚዋ ኖምሳ የምትባል ቀልጣፋ ወጣት ናት። “ሳውቦና፣ ባባ” ብላ በዙሉኛ ሰላምታ ስትገባ ሁሉም ነገር በርቷል። ቤቱ ጋለ። ጃኬቷን አወለቀች።

“ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትኖሩት?” አለችኝ።

“ሁልጊዜ” አልኳት ደረቴን ነፍቼ።

ጻፈች። መጻፏን ሳይ ልቤ ሞላና የቀረችኝን የሻይ ማፍያ ሰካሁ። ዋናው ማብሪያ ቀጭ ብሎ ወረደ። ቤቱ እንዳለ ዝም አለ።

“ባባ” አለች ኖምሳ በትዕግሥት፣ “እኔ የመጣሁት ቤቱ ምን ያህል መብራት እንደሚበላ ለማየት እንጂ ምን ያህል መብላት እንደሚችል ለማየት አይደለም። ሂተሩንና ፍሪጁን ትወስዱታላችሁ፤ እሱን አልቆጥርም። ግን ጊዘሩ ራቁቱን ነው፣ በሮቹ ንፋስ ያስገባሉ፣ አምፖሎቹ እነዚህ ናቸው። እስካሁን ኤፍ ላይ ናችሁ።”

ሌላ አሥራ አንድ ዓመት ከፍርግርጉ ኋላ ቁጭ ብዬ ታየኝ። ሚስቴንም እራቷን ሳትነካ ስልኩን ስትጠብቅ አየኋት። ይህን ያመጣሁት እኔው በገዛ እጄ ነኝ።

ይሄኔ ታደለች ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ገባች። አምፖሎቹን አየች፣ ሂተሮቹን አየች፣ በመስኮት ጊዘሩን አየች። ትጮሃለች ብዬ ስጠብቅ አልጮኸችም።

“የአቤል አባት፣ መሰላል አምጣ” አለችኝ። ወደ ኖምሳ ዞራ ደግሞ “ሲስ፣ ፕሊስ፣ ሃፍ አወር” አለች።

በግማሽ ሰዓት ውስጥ እኔ ያፈረስኩትን መለሰችው። ጊዘሩ ልብሱን ለበሰ፣ አምፖሎቹ ከካርቶን ወጡ፣ ጥቅልሎቹ በየበሩ ሥር ተመለሱ። ለካ መሰላሉ ለሌላ ነገር ነው። ኖምሳን የኮርኒሱን ክዳን ከፍታ እንድታይ ጋበዘቻት። ኖምሳ አንገቷን አስገብታ ብዙ ቆየች። ጣሪያው ሥር ከዳር እስከ ዳር ሙቀት የሚይዝ ወፍራም ንጣፍ ተነጥፏል።

“ይሄን ማን አስነጠፈ?” አለች።

እኔም ይሄንኑ ልጠይቅ ነበር። ጣሪያው የታደሰ ዓመት፣ እኔ ሱቅ ስውል፣ ዝናብ እንዳያፈስ ነው ብላኝ ያሠራችው ነው። ብትነግረኝ ምን ያደርጋል ብዬ እንደምከለክላት ታውቃለች። እውነቷን ነው፣ እከለክላት ነበር።

ወረቀቱ በሳምንቱ መጣ። ቢ ይላል። እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ቢ ያየሁት በጓደኛዬ ካርድ ላይ ነው። ኩባንያው ፈረመ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ ወረቀቱን ይዤ ጎረቤት ለጎረቤት ዞርኩ። ሂተር ያበደሩኝ ሁሉ ዛሬ ቤታቸውን እንድታይላቸው ታደለችን ይለምናሉ። ቀጠሮ ይዛላቸው ትሄዳለች፣ እኔ እነዳለሁ። መሰላሉን የምሸከምም እኔ ነኝ።

ሱቁን ለአንድ የአገሬ ልጅ አስረከብኩ። ቁልፉን ሰጥቼው በጓሮ በር ወጣሁና ዞሬ ደንበኞች በሚቆሙበት በኩል መጣሁ። በየቀኑ ዳቦ የሚገዙኝ አንዲት ጎጎ፣ በእኛ አባባል አያት፣ እዚያ ቆመው ነበር። እስከዚያ ቀን የማውቃቸው በፍርግርጉ ቀዳዳ በሚያሾልኩት ጣታቸው ነው፤ እሳቸውም እኔን ያዩኝ ቁጭ ብዬ ብቻ ነው። ሙሉ እጃቸውን ዘርግተው ጨበጡኝ፣ ከእግሬ እስከ ራሴም አዩኝ።

“ማይ ፍሬንድ፣ ለካ እንዲህ ረዥም ነህ” አሉኝ።

አገር ቤት ሰፈራችን ውስጥ “አጭሩ” ነበር የምባለው። አላረምኳቸውም።