የማትረባዋ ማውስ

በእኛ በጋይንት አንድ ሰው ዕቃህን ሲያመሰግንልህ ደስ አይበልህ። አይገዛህም ማለት ነው። ሊገዛ የመጣ ሰው ያጣጥላል። አርብ ገበያ ወርደህ የከብት ተራው ዘንድ ብትቆም ይህን ያለ አስተማሪ ትማረዋለህ። ጎሕ ሳይቀድ ከቤቱ ተነሥቶ የመጣና በሬውን ገና ከሩቅ ሲያየው ልቡ የቀለጠለት ገበሬ፣ ቀርቦ ጥርሱን ገልጦ፣ ሻኛውን ጨብጦ፣ ጭራውን ሳብ አድርጎ ካየ በኋላ «ይኸም በሬ ተብሎ!» ይላል። ሻጩ አይቀየምም። እንዲያውም ውስጥ ውስጡን ደስ ይለዋል፤ «ግሩም በሬ ነው፣ ይባርክልህ» ብሎ የሚያልፈው ሰው ገንዘቡን ቤቱ ትቶ የመጣ መሆኑን ያውቃላ! ሻጩ ደግሞ በተራው ያወድሳል፤ በሬው ሦስት ማሳ ያለ እረፍት አርሶ ማታ ጌታውን አዝሎ የገባ ይመስል። እንግዲህ ሙገሳ የሻጭ፣ ነቀፋ የገዢ ነው። እኔም አፌን የፈታሁት በዚህ ነው፤ ዘመን ተቀይሮ ንፋስ መውጫ ላይ ኮምፒውተር ቤት ስከፍት እንኳ አመሉ ተከትሎኝ ገባ።

ኮምፒውተር ቤት ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስልህ። አራት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተርና ሲፈልግ የሚሠራ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን ነው። ከጠዋት እስከ ምሳ ድረስ ማመልከቻና የሠርግ መጥሪያ እጽፋለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቤቱን የከተማው ጌመኞች ይወርሱታል፤ ግማሾቹ ኳስ ይጫወታሉ፣ ግማሾቹ ይታኮሳሉ፣ ሁሉም ይጮኻሉ። እኔ ጥግ ይዤ ጆሮዬ ላይ ጥጥ ወትፌ እቀመጣለሁ።

ጥምቀት ባለፈ ሰሞን የእህቴ ልጅ ሀብታሙ ከባሕር ዳር በሚኒባስ ሾፌር እጅ አንዲት ካርቶን ላከልኝ። ሀብታሙ እዚያ የኮምፒውተር ዕቃ ይሸጣል። ካርቶኗ ስትከፈት ማውስ ወጣች፤ ግን እንደምናውቀው ዓይነት ማውስ አይደለችም። ለጌመኞች ተብላ የተሠራች፣ ባለቤቷ እንዳሻው የሚያስተካክላት ናት። በአውራ ጣት በኩል አሥራ ሁለት ቁልፍ ተደርድሮባታል፤ እያንዳንዱን የፈለግኸውን ሥራ ታዘዋለህ፤ ያዘዝኸውንም አትረሳም። ሆዷን ስትከፍት ትንንሽ የብረት ክብደቶች አሉ፤ ብትሻ ታክላለህ፣ ብትሻ ታወጣለህ። ጎኗ ይነቀልና ሰፋ ባለ ይቀየራል። ፍጥነቷ ይጨመራል፣ ይቀነሳል። በዚያ ላይ እንደ ቀስተ ደመና በሰባት ቀለም ትበራለች።

«ጋሼ» አለኝ ሀብታሙ በስልክ፤ «ጅምላ ሻጩ ለሙከራ ነው የሰጠኝ። ካልተስማማችን በአንድ ወር ውስጥ መመለስ እንችላለን። እርስዎ ጌም ቤት አለዎት፤ ፈትሸው ጥሩም ይሁን መጥፎ ያዩትን በጽሑፍ ይላኩልኝ። ጥሩ ናት ካሉኝ ብዙ አስመጣለሁ።»

አልዋሽህም፣ ኮራሁ። በዚህ ዕድሜዬ አስተያየቴን በጽሑፍ ስጠን ያለኝ ሰው አልነበረም፤ ቤቴ ውስጥማ በቃልም የሚጠይቀኝ የለም።

በሬ ከመገዛቱ በፊት ተጠምዶ ይታያል። እኔም ማውሷን ደሳለኝ ከሚባለው ጌመኛ ጋር ጠመድኳት። ደሳለኝ በቀበሌው የተመሰከረለት ተኳሽ ነው፤ በኮምፒውተር ማለቴ ነው። በመጀመሪያው ቀን ማውሷ ትፈጥንበትና እሱ ጠላት አገኘሁ ሲል ዓይኑ ሰማይ ላይ ይገኛል። በተከታታይ ተሸነፈ። በማግስቱ ፍጥነቷን ቀነስንለት፣ ከሆዷ ክብደቱን ግማሽ አወጣንለት። በሦስተኛው ቀን ቤቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ አንበረከከ። የተሸነፉት «ማውሷ ናት እንጂ እሱ አይደለም!» ብለው ሊያብዱ ሆነ። እኔ እንግዲህ መርማሪ ነኝና አሮጌዋን፣ አንድ ጆሮዋ በፕላስተር የታሰረችውን ማውስ ሰጥቼ አጫወትኩት። አሁንም አሸነፈ። ቀጥዬ አዲሲቱን ለተሸናፊዎቹ በየተራ ሰጠሁ። በየተራ ተሸነፉ። ደብተሬ ላይ «ለሚችል ሰው ትመቻለች፤ ለማይችል ሰው ታበራለታለች» ብዬ ጻፍኩ። ምርመራው እዚህ ላይ ሊያበቃ ነበር፤ መሪጌታ ባይመጡ።

መሪጌታ ልሳነ ወርቅ የቅኔ መምህር ናቸው። ከጥቂት ዓመት በፊት ወደ ስማዳ ሲወርዱ ከበቅሎ ወድቀው ቀኝ እጃቸው ተሰብሮ ነበር። እጁ ሲድን ሌባ ጣታቸው እንደ ቀጥ ያለ እንጨት ሆኖ ቀረ፤ አይታጠፍም። መሃል ጣታቸውም ይንቀጠቀጣል። ብዕር መያዝ ከዚያ ወዲህ የለም። መምህራቸው የነበሩት የስማዳው የኔታ ደግሞ ካረፉ ሰባት ዓመት ሊሞላ ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲቀኙ ኖረው አንድ መስመር በወረቀት አላስቀመጡም። ቅኔያቸው ያለው በመሪጌታ ራስ ውስጥ ብቻ ነው። መሪጌታም በቅበላ ሳምንት በሚደረገው የሰባት ዓመት ተዝካር ላይ ቅኔውን አሳትመው ስማዳ ሊያደርሱ ለመምህራቸው መቃብር ቃል ገብተዋል።

«እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ ልጻፍ» ብያቸው ነበር። ግዕዙን እያሳሳትኩ አንድ ገጽ ሞከርን። ያየሁትን ፊት ለጠላቴም አልመኝ። ከዚያ ወዲህ «በል ተነሥ» ብለው ኪቦርዱን በግራ እጃቸው አንድ አንድ ፊደል እየለቀሙ ራሳቸው ያዙ። መከራው ማውሱ ላይ ነበር። ያ የማይታጠፍ ጣት አይጫንላቸውም፤ መሃል ጣት ደግሞ አንዴ ንካ ሲሉት ሦስቴ ይነካል። የጻፉት ይጠፋል፣ ያላዘዙት ይከፈታል፣ ግማሽ ቀን በአራት መስመር ያልቃል። አንድ ጠዋት ማውሱን ገፉት።

«ምነው መሪጌታ?» አልኳቸው።

«ትናንት አንድ ቤት ጠፋኝ» አሉ። ቤት የሚሉት የቅኔውን መስመር ነው። «ሌሊቱን ስፈልገው አደርሁ፣ ጠባ፣ የለም። እጄ ይቅር፤ ራሴ ሳይከዳኝ መጨረስ ነበረብኝ።»

እንዲህ ያለ ሰው ተስፋ ሲቆርጥ ማየት ከባድ ነው። ዓይኔን ሳዞር ደሳለኝ የተዋት ማውስ ሰባት ቀለሟን እየቀያየረች ተቀምጣለች። አነሣኋት። ክብደቷን በሙሉ ከሆዷ አወጣሁ፣ ፍጥነቷን እስከ ታች አወረድኩ፣ የሚንቀጠቀጠው ጣት እንዲያርፍበት ሰፊውን ጎን ገጠምኩላት። ሌባ ጣት የሚሠራውን ሁሉ ነጠቅሁና ለአውራ ጣት ቁልፎች አከፋፈልኩ፤ አንዱ መጫኛ፣ አንዱ መገልበጫ፣ አንዱ መለጠፊያ፣ አንዱ ማስቀመጫ፣ አንዱ አራት ነጥብ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። «አሥራ ሁለቱን እንዴት ያስታውሱታል?» ብዬ ስሰጋ መሪጌታ ገርመም አደረጉኝ። አሥራ ሁለት ለሳቸው ምን አዲስ ነገር ነው! የመጀመሪያውን ቁልፍ ጴጥሮስ አሉት፣ ሁለተኛውን እንድርያስ፣ በወንጌሉ ቅደም ተከተል ወረዱ። ጴጥሮስ ይጭናል፣ ዮሐንስ ይለጥፋል፣ ቶማስ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ሳይጠይቅ አያጠፋም። አሥራ ሁለተኛው፣ ይሁዳ ላይ ሲደርሱ ግን ጣታቸውን ሰበሰቡ።

«ለዚህ ሥራ አትስጠው» አሉ። «ማትያስ እስኪተካበት ባዶውን ይቀመጥ።»

በአንድ ሳምንት ውስጥ መሪጌታ በወር ያልጻፉትን ጻፉ። መብራቷ ብቻ አልጣማቸውም፤ አስጠፉኝ። አውራ ጣታቸውን ቀና አድርገው እያዩ «ለካ እስከ ዛሬ ሥራ ፈት ኖረሃል» ሲሉት ሰማሁ። የጠፋቸው ቤትም በሦስተኛው ቀን በራሱ ጊዜ ተመለሰ።

ወሩ ሊሞላ ሲል ሀብታሙ «ጋሼ፣ ጽሑፉስ?» አለኝ። አሁን እንግዲህ የኔን ብልጠት ስማ። ጥሩ ናት ብዬ ብጽፍ ለገበያተኛ ማሳያ ብሎ ይወስዳታል። ስለዚህ አጣጥላታለሁ፤ እሱም «እንዲህ ከሆነች ምን ላደርግባት፣ እዚያው ይጣሏት» ይለኛል። ለምን ዝም ብለህ አልጠየቅኸውም ትለኝ ይሆናል። ጋይንት አልተወለድክማ!

ደብዳቤውን ተጠብቤ ጻፍኩት። «አንደኛ፣ ክብደቷ እምነት የማይጣልበት ነው፤ ዛሬ ከባድ የነበረች ነገ ቀላል ናት። ሁለተኛ፣ የቁልፎቿ ብዛት ለሰው ጣት ሳይሆን ለሌላ ፍጥረት የታሰበ ይመስላል። ሦስተኛ፣ ታዋቂው ጌመኛችን በመጀመሪያው ቀን በተከታታይ ተሸንፎባታል።» አንድም ሐሰት የለበትም፤ እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። ይህ ነው የሚያሳፍረኝ።

ሀብታሙ ወዲያው ደወለ። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ከጉድ አወጡኝ! ሐሙስ ሚኒባሱ ሲመለስ ይላኩልኝ፣ ወሩ ሳይሞላ ለሰውዬው እመልስለታለሁ።»

ሳሩን አየሁ እንጂ ገደሉን አላየሁም። የኔታ ቅኔ ሲሶው ገና ነው፣ ተዝካሩ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣ ሐሙስ ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው። አማራጭ ስላልነበረኝ ለመሪጌታ ተናዘዝኩ። ደብዳቤውን አስከፍተው ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«ይኸን አንተ ነህ የጻፍኸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ስለዚች?» አሉ በመዳፋቸው ሥር ያለችውን እያሳዩ። «ጣቴን ስለ ተካችልኝ?»

«መሪጌታ፣ እንዲተዋት ብዬ እኮ ነው። በገበያም እኮ...»

«ገበያ ሌላ! ልጁ ምስክርነት ጠየቀህ እንጂ ገበያ አልጠራህም።» ማውሷን ወደኔ ገፉልኝ። «በል፣ ለይሁዳ ሥራ ተገኘለት። ጽሑፍ በሙሉ የሚያጠፋ አድርገው።»

ደብዳቤው እኮ ባሕር ዳር ደርሷል ብል አልሰሙኝም። አደረግሁት። መሪጌታ አሥራ ሁለተኛውን ቁልፍ ጠበቅ አድርገው ተጫኑት፤ ያ ሁሉ ጥበቤ ከፊቴ በአንዴ ጠፋ። «አሁን ማትያስን ተካበት» አሉና እውነተኛውን ምስክርነት ራሳቸው ሊጽፉ ተቀመጡ። አጭር ነበር። አንድ እጁ የተሰበረ ሰው በዚች ዕቃ የመምህሩን ቅኔ እየጻፈ መሆኑን፣ ቁልፎቿ ለጣት እንደሚታዘዙ፣ ክብደቷ እንደ ባለቤቷ አቅም እንደሚሆን፣ የሀብታሙ አጎት ቀድሞ የጻፈው ከስስት የመጣ መሆኑን ይናገራል። እኔ በስሜ ፈርሜ በኢሜይል ላክሁት፤ ጆሮዬ እንደ ጋለ ነው።

እሮብ ጠዋት ስልኩ ጮኸ።

«ጋሼ» አለ ሀብታሙ፤ ድምፁ ቀዝቅዟል። «እውነቱን ይንገሩኝ፣ ምን ሆና ነው?»

«ምን ትሆናለች?»

«ሰበሯት?»

«ኧረ በማርያም! ደህና ናት። ግሩም ዕቃ ናት አልኩህ እኮ!»

«አዩ፣ ግሩም ናት አሉ። ትናንት ሲያጣጥሉ አምኜዎት ነበር። እናቴ እኮ ጋይንቴ ናት፤ ሰው በአንድ አዳር ማመስገን ሲጀምር ምን ማለት እንደሆነ አልጠፋኝም። ወድቃ ይሆናል፣ ውሃም ፈሶባት ይሆናል፣ አልቀየምዎትም። አይላኳት፣ እዚያው ትቅር። ከሰውዬው ጋር እኔ እጨርሳለሁ።»

ማልኩ። በበዓሉም በታቦቱም ማልኩ። መሐላዬ በበዛ ቁጥር የሱ «ይሁን ጋሼ፣ ይሁን» ማለት እየለሰለሰ መጣ። ኅሊናዬ ቢወቅሰኝ አንድ ቅል ነጭ ማር በሾፌሩ ላክሁለት። ማሩን ሲቀበል ጥርጣሬው ተረጋገጠለት፤ ያልሰበረ ሰው ማር አይልክም። ውሸቴ ሊያሳጣን የነበረውን እውነቱ፣ ያውም ሳይታመን፣ አስቀረልን። ይህን ለመሪጌታ ስነግራቸው ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ቀጥለውም «ተወኝ፣ ሥራ አለብኝ» አሉኝ።

ተዝካሩ አራት ቀን ሲቀረው የመጨረሻው ገጽ ከፕሪንተር ወጣ። መሪጌታ ወረቀቱን ገና ሙቀቱ ሳይለቀው አንሥተው ግንባራቸውን አስነኩት። በዚህ መሃል ነው በሩ የተከፈተውና ሀብታሙ የገባው፤ ለቅበላ እናቱን ሊያይ መጥቶ ኖሯል። ሰላምታ ሰጠን፣ ተቀመጠ፣ ዓይኑ ግን ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ማውሷ እንደ ደህና ዕቃ ተቀምጣለች፤ ስብራት የላትም፣ ውሃም አልነካት።

ቀረብ ብሎ እጁን ዘረጋ። «መሪጌታ፣ ይህች ዕቃ በውነት ታገለግላለች እንዴ?»

መሪጌታ ልጁን አዩት። የተዘረጋ እጁን አዩት። ቀስ ብለው የነጠላቸውን ጫፍ ማውሷ ላይ ጣል አደረጉና ወደ ራሳቸው ጎተት አደረጓት።

«ኧረ ምን ትረባለች!» አሉ።

ሀብታሙ ወደኔ ዞረ። ፊቱም ፈካ።

«ጋሼ፣ ስንት ላስመጣ?» አለኝ።