ማስማል የፈራው ጸሐፊ

የመንግሥት ሥራና ነፍስ አንድ ቤት ተከራይተው አይኖሩም። ይኖራሉ የምትሉ ካላችሁ፣ ወይ የመንግሥት ደመወዝ በልታችሁ አታውቁም፣ ወይ ንስሐ ገብታችሁ አታውቁም።

በደርግ ጊዜ አሰላ ውስጥ የችሎት ጸሐፊ ነበርኩ። ካድሬው በየስብሰባው “እግዜር የለም” ይለናል፤ እኛ በማግስቱ ምስክር በመጽሐፍ እናስምላለን። ለክርስቲያኑ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ለሙስሊሙ ቁርአን አቅርቤ “እውነት እመሰክራለሁ” የማስብለው እኔ ነኝ።

አንድ ጊዜ ታዲያ ለዐቢይ ጾም አዲሱ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ።

“ሥራህ ምንድን ነው?” አሉኝ።

“ምስክር አስምላለሁ፣ አባ።”

“እውነት ይናገራሉ?”

“አንዳንዴ…”

“በሐሰት የማለውስ ሲኮነን መጽሐፉን ያቀረበለት የት የሚቆም ይመስልሃል?”

በነጋታው ዳኛው ቢሮ ገባሁ። “ጓድ ዳኛ፣ ሃይማኖቴ አልፈቀደልኝምና ከማስማል ሥራ ያንሡኝ።”

መነጽራቸውን አወለቁ። “ይህን ከእኔ ሌላ የሰማ አለ?”

“የለም።”

“እንኳን አልሰማ። ከማስማል ቀርቶ ከአሰላም ትነሣ ነበር። ሂድ አስምል።”

ሄድኩ። ግን አንድ ዘዴ አበጀሁ።

የዚያን ዕለት ከሮቤ በኩል የመጣ ገበሬ “በሬዬን ጎረቤቴ ወሰደብኝ” ብሎ ሦስት ምስክር አቁሟል። የመጀመሪያው እጁን ወደ መጽሐፉ ሲዘረጋ ጠጋ አልኩት። “ወንድሜ፣ ያላየኸውን ከሆነ አትማል። ተያይዘን ነው የምንገባው።”

“የት?”

“እሳት ውስጥ ነዋ።”

ሰውዬው እጁን ሰበሰበና ዳኛውን “ቤት በሽተኛ ትቼ ነው የመጣሁት” ብሎ ወጣ። ሁለተኛው ሙስሊም ነው፤ ለሱም ያንኑ ነገርኩት። ቁርአኑን ትክ ብሎ አየና “ወላሂ፣ እኔ ወሬውን ሰማሁ እንጂ በሬውን አላየሁም” አለ። ሦስተኛው ይህን አይቶ፣ ሳይጠራ ከበሩ ወጥቶ ነበር።

ባለ በሬው ተነሣ። “ጓድ ዳኛ፣ ይህ ጸሐፊ ምስክሮቼን በተነብኝ!”

“ምን አልካቸው?” አሉኝ ዳኛው።

መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ማስተካከል ጀመርኩ።

“መጽሐፉን ይያዝና ይማል።”

ይታያችሁ… ሌላውን ላለማስማል ስሸሽ እኔው ልምል! “ሳልምል ልናገር” ብዬ አንድ ሳላስቀር ዘረገፍኩት። ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ዳኛው ግን አልሳቁም። ወደ ባለ በሬው ዞሩ።

“እውነት የያዘ ምስክር በአንድ ሹክሹክታ ይሸሻል?”

ሰውዬው ምስክሮቹን ሻይ ቤት ውስጥ ገንዘብ ሰጥቶ እንዳሰባሰባቸው አመነ። በሬው ከጎረቤትየው ጋር ቀረ።

ከችሎት በኋላ ቢሮ አስጠሩኝ። መባረሬን አውቄ ኮፍያዬን በእጄ ይዤ ገባሁ።

“ከማስማል ሥራ ተነሥተሃል” አሉኝ።

“እግዜር ይስጥልኝ።”

“ቆይ። ከነገ ጀምሮ ምስክር የምትጠራው አንተ ነህ። በር ላይ ቆመህ፣ ሳይገቡ በፊት ያቺን የእሳቷን ነገር ሹክ በላቸው። መዝገብ እንደ ዛሬ ቀሎልኝ አያውቅም።”

የዝውውር ደብዳቤውን ልጽፍ ተቀመጥኩ። “ምክንያቱን ምን ልበል? በሃይማኖት ምክንያት?”

“አብደሃል? በጤና ምክንያት በል።”

“የማን ጤና፣ ጓድ ዳኛ?”

በሩ መዘጋቱን አዩና “የሁለታችንም” አሉኝ።