የትከሻና የወገብ ሊቀ መንበር

አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የእኔ እጅ ሸራ ጫማ መሸጥና ሳሙና መቁረጥ እንጂ እስክሪብቶ መያዝ የለመደ አይደለም። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ወልጄ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። የጻፍኩትን መልሼ ሳነበው ራሴ እደነቃቀፋለሁ። ግን ስለ ጋሽ ወጋየሁ ሌላ ሰው ይጽፋል ብዬ ብጠብቅ ብጠብቅ የጻፈ የለም። ሆዴ አልችል አለ።

በየሰፈሩ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ሰው ዝም ብሎ ሲቆም ማየት የማይችል። መንገድ ላይ ቢያገኛችሁ ጤናችሁን ሳይጠይቅ አረማመዳችሁን ይነግራችኋል። የእኛ የነፋስ ስልኩ፣ ክቡር የትከሻና የወገብ ሊቀ መንበር፣ የእግር ጣቶች ሁሉ የበላይ ጠባቂ፣ የስፖርት መምህሩ ጋሽ ወጋየሁ ነበሩ።

ሥጋ ቤት ይገባሉ፤ የሚያዩት ሥጋውን አይደለም።

«ሮበሌ፣ እስቲ ድገመው! መጥረቢያውን ስታነሣ ተረከዝህ አብሮ ይነሣል፤ ልብ ብለኸዋል?»

«ጋሼ፣ ሥጋ ነው የሚገዙት ወይስ ተረከዜን?»

«ተረከዝህን። ሥጋውማ መቼ ተቻለ!»

ለቅሶ ቤት እንኳ አያርፉም። አልቃሿ ደረቷን ስትመታ አጠገባቸው ወዳለው ሰው ጠጋ ብለው «ግራ እጇ ይቀድማል» ይላሉ፤ ከዚያ እንባቸውን ይጠርጋሉ። እንባውም የእውነት ነው።

ትምህርት ቤት ደግሞ በሳምንት አንድ ሰዓት አላቸው፤ የጭፈራ ሰዓት ይሉታል። ክራር የለ፣ ከበሮ የለ፤ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ነው የሚመቱት። የቤት ሥራቸውም ጉድ ነው። «ሂዱና የእናት ያባታችሁን እጅ አይታችሁ አምጡልኝ» ይላሉ። የሸማኔው ልጅ ያባቱን እግር ይዞ ይመጣል፤ የሾፌሩ ልጅ ማርሽ ይቀይራል። አንዱ ከሌላው ሲያይ ከያዙት ጉድ ፈላ። «የጓደኛህን ሒሳብ ቅዳ! እጁን ግን አትቅዳ!»

የእኔዋ ሙፊዳ የወሰደችው እኔን ነው፤ ጎንበስ ብዬ ለደንበኛ የጫማ ክር ሳስር። ባለቤቴ አብዶ ሲሰማ ጦፈ።

«ልጄን ጨፋሪ ሊያደርግብኝ ነው እንዴ ይሄ ሰውዬ?»

«ተው አብዶ» አልኩት። ሙፊዳ በእኔ ወጥታ እንግዳ ሲመጣ በር ኋላ የምትደበቅ ልጅ ነበረች። ያ ቆርቆሮ መመታት ከጀመረ ወዲህ ግን ጎፋ ካለችው ሱቃችን ቆማ ደንበኛ ታነጋግራለች፤ ዓይን ዓይኑን እያየች። እኔ እናቷ ዛሬም የማልችለውን።

ታዲያ አንድ ቀን የቀበሌያችን ሊቀ መንበር፣ ጓድ ገሠሠ፣ ልምምዱን ሊያዩ መጡ። ልጁ ሁሉ በየፊናው ይወዛወዛል።

«መምህር፣ እያንዳንዱ የራሱን? ይሄ ምን ዓይነት ኅብረተሰብአዊነት ነው? ቅዳሜ ወላጅ ባለበት ይታያል። አንድ ወጥ ሆኖ ካልቀረበ ሰዓቱ ይሰረዝና የሰልፍ ልምምድ ይሆናል።»

ሙፊዳ ያን ዕለት እራቷን አልበላም አለች። ያ ሰዓት ከቀረ ልጄ ተመልሳ በር ኋላ እንደምትገባ ገባኝ።

ቅዳሜ ሜዳው በወላጅ ሞላ። ጋሽ ወጋየሁ ቆርቆሯቸውን መቱ። ልጆቹ እየዘለሉ ወጡና ድንጋይ፣ ጣሳ፣ የተቀደደ ዘንቢል በመስመር ደረደሩ። ስኳር ሲመጣ ከቀበሌ ሱቅ በር ላይ ቦታ የምንይዝበትን፣ ያንኑ! ከዚያ በየዕቃቸው ኋላ ቆሙ። አንዱ ያዛጋል፤ አንዷ ልጅ እንዳዘለች ትወዛወዛለች፤ አንዱ በጎኑ ሾልኮ ሊቀድም ይሞክራል። ሁሉም የየራሱን፣ ግን በአንድ ምት።

ይሄኔ ጎረቤቴ ዚነት አርፍዳ መጣች። ከበሩ ላይ መስመሩን አየች፣ ጣሳውን አየች፤ ሌላ ምንም አልጠየቀችም። ነጠላዋን ሰብስባ ሮጠችና ከልጆቹ ኋላ ተሰለፈች። አንዲት ሴትዮ ተከተለቻት።

«ምን መጣ?»

«እንጃ! ብቻ ቁሚ!»

ከዚያማ ማን ይቀመጥ? ሴቱ ግር ብሎ ተነሣ። ወላሂ እኔም ጭፈራ መሆኑን እያወቅሁ፣ ምናልባት የእውነት ቢሆንስ ብዬ ገባሁ። ጋሽ ወጋየሁ አላቆሙም። «ተቀበሏቸው!» ብለው ቆርቆሮውን አጠበቁት። መስመሩ አንድ እርምጃ ወደፊት፣ ግማሽ ወደኋላ ሲል እኛም አብረን ሄድን። በሕይወቴ ሰው ፊት ስወዛወዝ የመጀመሪያዬ ነው።

ጓድ ገሠሠ ተነሡ። ቆርቆሮው ዝም አለ።

«መምህር፣ ይሄ ስኳር የለም ለማለት ነው?»

ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰው ያሳስር ነበር። ጋሽ ወጋየሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ድርቅ ብለው ቆሙ፤ ትከሻቸው እንኳ አልተነቃነቀም። ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድምፅ ሰማሁ፤ ለካ የእኔው ነው።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ልጆቹ እኛን አይተው ነው ያመጡት። አንድ ወጥ ይሁን ብለው አልነበር? ይኸው ልጅ አዋቂው አንድ ላይ ቆመናል።»

እሳቸውም ማን ማን እንደቆመ ሊያዩ መስመሩን በዓይናቸው ተከተሉ። ከመሃል፣ ዘንቢሏን እንደያዘች፣ የገዛ ሚስታቸው ወይዘሮ ገበያነሽ ቆማለች።

«አንቺ ደግሞ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ኧረ ዝም በል ገሠሠ፣ ቦታዬን ታስወስደኛለህ!»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ሊቀ መንበሩ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ከዳቸው። ሲበርድላቸው «ሰዓቱ ይቀጥል» አሉ። «ይሄ ወረፋ ግን ሁለተኛ እንዳይታየኝ!»

ሙፊዳ ከፊት ቆማ ለሕዝቡ እጅ ነሣች። «የእኔ ልጅ ናት» አልኩ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ጮክ ብዬ።

ሰው ሲበተን ጋሽ ወጋየሁን አየኋቸው። ልጆቹን አንድ በአንድ ትከሻቸውን እየነኩ ሲያሰናብቱ ሸራ ጫማቸው ከፊት ተቀዶ አውራ ጣታቸው ወጥቷል።

በማግስቱ ጧት ሱቃችንን ከፍቼ ከመደርደሪያው አንድ ጥቁር ሸራ አወረድኩ። ለማን እንደሆነ ለአብዶ ነገርኩት። እሱም ካልሲ ጨምሮበት በጋዜጣ ጠቀለለው። ወደ ብስራተ ገብርኤል፣ ወደ ቤታቸው፣ በእግሬ ወጣሁ። እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል፤ እህታቸው ተቀበለችኝና ጋዜጣውን ገለጥ አድርጋ ጫማውን አየች።

«ልኩን ማን ነገረሽ?» አለችኝ።

ማን ይነግረኛል? እሳቸው የሰው እግር ሲያዩ፣ እኔ ደግሞ የሳቸውን ሳይ ስንት ዘመኔ።

«ይሆናቸዋል» አልኳትና ሳልቀመጥ ተመለስኩ።