የደበዘዘ መብራት አይተው የማያልፉት ጋሽ ፍንትው

የሰው መኪና ሲደበዝዝ የራሱ ፊት የሚጠቁር ሰው የሌለበት ሰፈር ገና አልተቆረቆረም። እናንተም ሰፈር አለ። በጠዋት መኪናችሁን ልታስነሱ ስትወጡ አንድ ሰው ኮፈኑ ላይ አጎንብሶ በጥፍሩ አንዲት ነጥብ ሲፍቅ ካገኛችሁት፣ አትደንግጡ፣ ሌባ አይደለም። እሱ ነው። “ይቺን ዝም ብለህ ነው የምታያት?” ይላችኋል፣ ደህና አደራችሁም ሳይል።

የእኛው ሰው ክቡር ጋሽ ፍንትው ይባላሉ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ እሱን ግን እሳቸውም የረሱት ይመስለኛል። አንድ መብራት ጠርገው በጨረሱ ቁጥር ወገባቸውን ይዘው ቀና ይሉና “ፍንትው!” ይላሉ፤ ስሙ በዚያው ቀረ። ከጠርሙስ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ የጥራት ተቆጣጣሪ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠርሙስ ወደ ብርሃን እያነሱ “ይለፍ”፣ “አይለፍ” ሲሉ ኖረዋል። ፋብሪካው በክብር ሸኛቸው፤ ዓይናቸው ግን ጡረታ አልወጣም፤ በእኛ መኪኖች ላይ ተሰማራ። የራሳቸው መኪና የላቸውም፣ ኖሯቸውም አያውቅም።

በአሮጌ የጨርቅ ቦርሳቸው ውስጥ ከሻካራ እስከ ለስላሳ የተደረደረ የብርጭቆ ወረቀት፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ፖሊሽ፣ እንዲሁም ከየቤቱ ገመድ ላይ የጠፋ ከነቴራ ሁሉ ይገኛል። አንድ ሰሞን የሚሠሩት በጥርስ ሳሙና ነበር። በዚያ ሰሞን ባለቤታቸው እኛ ቤት ስሞታ ይዘው መጡ። “እኛ አፋችንን በባዶ ውሃ እየተጉመጠመጥን ነው፤ የሰዉ መኪና ግን ጠዋትና ማታ ይቦረሻል። እስቲ ምከሩልኝ!”

ማን ደፍሮ ይመክራል? ጋሽ ፍንትው ደግሞ አንድ የታወቀ ዘዴ አላቸው፤ ግማሹን ይሠሩና ግማሹን ይተዉታል። “ልዩነቱ ይታይ!” ነው ምክንያታቸው። ከዚያ በኋላ የሚለምነው ባለመኪናው ነው። አንድ ቀን ጎረቤታችን ፋርማሲስቱ ቤት ምሳ የተጋበዘ እንግዳ መኪናውን በር ላይ አቆመ። ቀለሙ ከፋርማሲስቱ መኪና ጋር አንድ ነው። ጋሽ ፍንትው የፋርማሲስቱን ኮፈን ስንት ጊዜ ሲቋምጡለት ኖረው፣ ዛሬ ቀናኝ ብለው የእንግዳውን ገቡበት። ሰውዬው ጠግቦ ሲወጣ የኮፈኑ ቀኝ ጎን ፊት ያሳያል፣ ግራው እንደ ድሮው አመድ ነው። “ማን ነው መኪናዬን የነካው?” ብሎ ሰፈሩን ቀወጠው። ጥቂት ቆይቶ ግን ኮቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ከጎናቸው ሲፈትግ አየነው። “አባቴ፣ እንዲህ ዝንጉርጉር አድርገውኝማ አልሄድም!” ይላል። ለምሳ መጥቶ እራቱንም በልቶ ሄደ።

ከዚህ በኋላ ሰፈሩ መላ ዘየደ። ሸራ የገዛ ገዛ፣ ማዶ መንገድ የሚያቆም አቆመ፤ ፋርማሲስቱ የመኪናውን ፊት ከግድግዳ ጋር እያፋጠጠ ማቆም ጀመረ። እኔም ሸራ ከገዙት ወገን ነበርኩ፣ የባለቤቴ ነገር እስኪመጣ ድረስ።

ባለቤቴ ማታ ማታ ትልልቅ ሰዎችን ማንበብና መጻፍ ታስተምራለች። ስትመለስ መሽቷል፤ የመኪናችን መብራቶች ደግሞ ቢጫ ለብሰው ከፊታቸው ያለውን እንኳ አያሳዩም። ጋራዥ ብንጠይቅ “ሞዴሉ አርጅቷል፣ መብራቱ አይገኝም” አሉን። አንድ ምሽት ገባችና የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። “መንገድ የሚሻገረውን ሰውዬ ያየሁት ፊቴ ድቅን ካለ በኋላ ነው። በቃ፣ ማስተማሩን ልተወው ነው፤ ሰው ከምገድል” አለችና ቀይ እስክሪብቶዎቿን ሰብስባ መሳቢያ ውስጥ ከተተቻቸው። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የጋሽ ፍንትውን በር ራሴ አንኳኳሁ። ነገሩን ሰምተው ሳይጨርሱ ቦርሳቸው ትከሻቸው ላይ ነበር።

ቀለሙ እንዳይነካ መብራቱን ዙሪያውን በፕላስተር ከበቡት። ከዚያ ውሃ እያፈሰሱ በሻካራው ወረቀት ይፈትጉት ጀመር። መብራቱ ወተት መሰለ። ባለቤቴ ብቅ ብላ አየችና ጮኸች።

“ጋሼ! ጭራሽ አጠፉት እኮ!”

“ያረጀ ቆዳውን እየገፈፍኩለት ነው ልጄ። ዝም ብለሽ እይኝ።”

ወረቀቱ እየለሰለሰ፣ ውሃው እየፈሰሰ፣ ፖሊሹ ተቀብቶ እየታሸ፣ በመጨረሻ አንድ ባልዲ ውሃ ቸለሱበት። የወንድ ልጅ አባት የሆንኩ ያህል ዘለልኩ! መብራቱ ውስጡ ድረስ ይታያል። “ፍንትው!” አሉ ጋሽ ፍንትው። ሁለተኛውን ወዲያው በሻካራው ወረቀት ወተት አስመሰሉት፤ እዚያ ላይ ግን አመላቸው መጣባቸው። “ልዩነቱ ይታይ!” ብለው ሰፈሩን ጠሩ። አንዱ ሲያደንቅ፣ አንዱ ሲጠይቅ፣ እሳቸው ሲያስረዱ፣ ቆይተው ወደ ሥራቸው ሲመለሱ ቧንቧው ኮርኮር ብሎ ጸጥ አለ። ውሃ ሄደ።

ቀኑ እየገፋ ነው። አንዱ ዓይን በርቷል፣ አንዱ ከበፊቱ ብሷል። ቢያንስ በደረቁ እንሞክረው ስላቸው “ይጫጫራል፣ ከዚያ አይመለስም” አሉና ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። “እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ውሃው ሳለ ልጨርሰው ሲገባኝ ለሰው ሳሳይ!” ባለቤቴ ወደ ቤት ገባች። ልቤ ስብር አለ።

መጀመሪያ የመጣው ፋርማሲስቱ ነው፣ ጀሪካን ተሸክሞ። “እንካችሁ፣ ወደ እኔ መኪና እንዳይዞሩ እንጂ ለሌላ አይደለም” አለ። ከኋላው አንዷ ጎረቤት በማሰሮ፣ አንዱ በባልዲ፣ ባለ ሸራዎቹ በሙሉ ለመታጠቢያ ካጠራቀሙት እየቀዱ መጡ። ጋሽ ፍንትው ብድግ አሉ። አንዱ ያፈሳል፣ እሳቸው ይፈትጋሉ፣ እኔ እጠርጋለሁ፣ ሰዉ “በርቱ! በርቱ!” ይላል። ዳግም ቢጫ እንዳይለብስ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ቀብተው ሲያበቁ ሁለቱም መብራቶች ጥርት ብለው ነበር። ባለቤቴ ከቤት ስትወጣ ቀይ እስክሪብቶዎቹ በእጇ ናቸው። ጭብጨባው ቀለጠ!

ባለቤቴ ልታስተምር ሄዳ መሽቷል፤ ልጠብቃት ወደ በር ወጣሁ። ጋሽ ፍንትው ጋቢያቸውን ደርበው የመንገዱ ዳር ቆመዋል።

“ጋሼ፣ ምነው በዚህ ብርድ?”

“እ… መብራቱ ከሩቅ ሲመጣ እንዴት እንደሚታይ ልገመግም ነው። የሙያ ጉዳይ ነው፣ አንተ አይገባህም።”

ጎን ለጎን ቆምን። እሳቸው የማንንም ኮፈን ሳይተቹ ኩርባውን ብቻ ያያሉ። በመጨረሻ ሁለት ነጭ ብርሃኖች ኩርባውን ዞረው መንገዱን፣ አጥሩን፣ እኛንም አበሩን። ባለቤቴ መኪናውን አቁማ በሳቅ መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

“ደህና ገባሽ ልጄ?” አሉ።

“ደህና ገባሁ ጋሼ።”

“እሰይ።” ጋቢያቸውን አጣፉና ወደ ቤታቸው ገቡ፣ መብራቱን አንዴም ዞር ብለው ሳያዩት።