የጃፓን ሰባት ቤት

የራሱን ፓስፖርት ማሳደስ ያቃተው፣ የሰው አገር ፓስፖርት ግን ከየት እንደሚወጣ የሚያስረዳ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? በደርግ ጊዜ እኛ ለንደኖች ጋሽ ተሰማ ነበሩን። በኤምባሲያችን በር ማለፍ ይፈራሉ፤ የዓለምን ቢሮ ግን በቃላቸው ያውቃሉ።

አንድ እሑድ የእትዬ የሺን የወንድም ልጅ ሣራን ሊያጭ ኬንጂ የሚባል ጃፓናዊ ለንደን ሆሎዌይ ወዳለው ቤታቸው መጣ። እትዬ የሺ፣ «ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጄን አልሰጥም!» አሉ። ከጃፓን ጋር ልንዛመድ? ምን ይታወቃል!

ጋሽ ተሰማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልብ በሉ! በጃፓን ዜግነት የፍትሕ ሚኒስቴር ሥራ ነው። ፓስፖርት የውጭ ጉዳይ ነው፤ ማመልከቻው ግን እዚያው በክፍለ ሀገሩ ቢሮ ይገባል። የዘር ነገር ከሆነ ማዘጋጃ ቤት ነው፤ ቤተሰብ ሁሉ እዚያ ተመዝግቧል። እዚያ አፕላይ ያድርግ!»

ሣራ ስትተረጉምለት ኬንጂ በጣም ተገረመ፤ ሁሉም ልክ ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ «የሣራስ ሰባት ቤት የት ቢሮ ይገኛል?» ሲል ጠየቀ።

ጋሽ ተሰማ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

እትዬ የሺ ነጠላቸውን አስተካክለው ከሶፋው ተነሡ። «ቢሮው እኔ ነኝ!»

ከሣራ አባት ጀምረው እስከ ሰባተኛው ሳይተነፍሱ ቆጠሩ። የጃፓኑን መቁጠር ማን ያስታውስ? የታችኛው ጎረቤት ኮርኒሱን በመጥረጊያ እስኪደበድብ ድረስ እልል አልን።

እልልታው ሲበርድ ጋሽ ተሰማ ወደ እትዬ የሺ ጠጋ ብለው በለሆሳስ ጠየቁ፦

«ፓስፖርትስ ያድሳሉ?»