ለንጉሥ የማይገብረው አገር

ለንጉሥ አንገብርም የሚሉ ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔ ከእነሱ ሌላ የሚገጥመኝም የለ። ከአንኮበር በርበሬ ጭኜ ወደ አሊዩ አምባ ገበያ ስወርድ፣ ቁልቁለቱ ላይ ያሉ ሰዎች ጦርና ጋሻ ይዘው መንገዱን ዘግተዋል። መንደራቸው ከዛሬ ጀምሮ ራሷን የቻለች አገር ናት አሉ።

«አያ ወልዴ፣ ኧረ ገበያው ሊያመልጠኝ ነው» አልኩት አንዱን።

«መጀመሪያ ለአገሩ ገዥ እጅ ንሳ።»

«ገዥው ማነው?»

ምነው ባልጠየቅኩ። አያ ወልዴ «እኔ» ሲል፣ ጎረቤቱ አያ ተክሌ ከኋላው «እኔ እንጂ» አለ። ጦር ተሰበቀ። ደም ሊፈስ ነው ብዬ በቅሎዬ ሥር ተሸጎጥኩ። ይሄኔ አያ ተክሌ «በንጉሥ አምላክ» ብሎ ጮኸ፤ ሁሉም ባለበት ቀጥ አለ። በንጉሥ አምላክ ከተባለ በኋላማ ማን ይንቀሳቀሳል?

ሁለቱ ነፃ አውጪዎች እንደ ተሟጋች ደንብ ኩታ ለኩታ ተቋጥረው፣ ዳገቱን ወደ አንኮበር ችሎት ወጡ። ንጉሥ የማያዝባትን አገር ማን እንደሚገዛ የንጉሥ ዳኛ ሊፈርድላቸው ነው። እኔንም ምስክር ነህ ብለው ከነበርበሬዬ መለሱኝ።

ለአያ ወልዴ ተፈረደ። አያ ተክሌ እምቢ ስላለ፣ አያ ወልዴ ሹመቱን የሚያስከብርለት ወታደር ከንጉሥ ለመነ፤ ተሰጠው።

በሳምንቱ ስወርድ መንገዱን የዘጋው የንጉሥ ወታደር ነው። «ወንድሜ፣ አሳልፈኝ» አልኩት።

ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ «ይሄ እኮ ራሱን የቻለ አገር ነው፤ ዝም ብሎ አይታለፍም» አለኝ።